ማሽኑ ይቆይሽ፤ መጀመሪያ ቲሸርቱን እጠቢው

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የ26 ዓመት ሴት ነኝ፣ የምኖረው አዳማ ነው። ግራፊክስ ተምሬ ሁለት ዓመት ተቀጥሬ ሰርቻለሁ። አሁን ዕቁብ ደርሶኝ 150 ሺህ ብር በእጄ አለ። ሂት ፕሬስ (ምስልን በሙቀት ጨርቅ ላይ የሚጫነውን ማሽን) ገዝቼ ቤቴ ውስጥ የቲሸርት ህትመት ልጀምር አስቤያለሁ። የትኛውን ማሽን ልግዛ? ስራውስ ያዋጣል? በሙያው ያላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ እንኳን ዕቁቡ ደረሰሽ። አዲስ አበባ ውስጥ በቲሸርት ህትመት 17 ዓመት ሰርቻለሁ፤ መጀመሪያ በስክሪን ብቻ፣ በኋላ ሌሎቹን ዘዴዎች እየጨመርኩ። ያዋጣል ወይ ላልሽው፣ አዎ ያዋጣል፤ እኔ ልጆቼን ያሳደግኩት በዚሁ ነው። የማሽኑን ጉዳይ ግን ወደ መጨረሻ ላቆየው፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ምንም ማሽን ባትገዢ ይሻልሻል ብዬ ስለማምን።

ምክንያቴ ይሄ ነው። ማሽን ቀድመሽ ከገዛሽ ደንበኛሽን የሚመርጥልሽ ማሽኑ ይሆናል። የሰብሊሜሽን ዕቃ የገዛ ልጅ አውቃለሁ። ጥቁር የጥጥ ቲሸርት የፈለገ ደንበኛ ሲመጣበት መመለስ አልሆነለትም፤ ገንዘቡን ማሽን ላይ አፍስሷል፣ የቤት ኪራይ ደርሷል። ስለዚህ በነጭ ፖሊስተር ላይ አትሞ «ይሄም ያው ነው» ብሎ ሸጠለት። ያ ደንበኛ ዳግመኛ አልመጣም። ቀድሞ ትዕዛዙን አግኝቶ ቢሆን ኖሮ፣ ሰዉ የሚጠይቀው ምን እንደሆነ አይቶ ሌላ ዕቃ ይገዛ ነበር።

ህትመት በአንድ ስም ይጠራ እንጂ ውስጡ የተለያየ ስራ ነው። ሰብሊሜሽን ቀለሙ በ200 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ተንኖ ፖሊስተር ክር ውስጥ የሚገባበት ዘዴ ነው። አንዴ ከገባ አይለቅም፤ በእጅሽ ብትዳብሺው እንኳ ህትመት መኖሩ አይታወቅሽም። ግን ጨርቁ ፖሊስተር፣ መልኩም ነጭ ወይም ፈዛዛ መሆን አለበት። ጥጥ ላይ ብትሞክሪው ሁለት ሦስቴ ሲታጠብ ጥላው ብቻ ይቀራል። ለማሊያና ለኩባያ ግሩም ነው። ቫይኒል ደግሞ በመቁረጫ ማሽን ተቆርጦ፣ ትርፉ በእጅ ተነቅሎ በሙቀት የሚለጠፍ ነው፤ ለማሊያ ቁጥርና ለሰው ስም ይሆናል፤ ጥቃቅን የአማርኛ ፊደል ላይ ግን ያደክማል፣ የቀጫጭኖቹ ፊደላት እግርም ቶሎ ይላጣል።

ስክሪን የቆየው ዘዴ ነው። ለእያንዳንዱ ቀለም መረብ የተወጠረበት ፍሬም ለብቻው ይዘጋጃል። መረቡ ላይ ኢሙልሽን የሚባል፣ ብርሃን ሲያገኘው የሚጠነክር ፈሳሽ ይቀባል፣ ጨለማ ውስጥ ይደርቃል፣ ዲዛይኑ ያለበት ፊልም ተደርጎበት ብርሃን ይመታዋል፣ ብርሃን ያላገኘው ክፍል በውሃ ታጥቦ ይከፈታል፤ ቀለሙ በዚያ በኩል ወደ ጨርቁ ያልፋል። ይሄ ሁሉ ልፋት ለአንድ ቲሸርትም ለ300 ቲሸርትም እኩል ነው። ለዚህ ነው አምስት ቲሸርት በስክሪን ማሳተም የማያዋጣው፤ ባለ አንድ ቀለም 200 ቲሸርት ግን የሚስተካከለው የለም።

የቅርቡ ዲቲኤፍ ነው። ምስሉ ከኋላው ነጭ ቀለም ተደርጎለት ፊልም ላይ ይታተማል፣ የሙጫ ዱቄት ይነሰነስበታል፣ ይቀልጣል፣ ከዚያ በሂት ፕሬስ ወደ ቲሸርቱ ይዛወራል። ጥጥ ይሁን ፖሊስተር፣ ነጭ ይሁን ጥቁር፣ ሁሉንም ይይዛል፤ አንድ ቲሸርትም ቢሆን ይሰራል። ላንቺ የሚበጀው ይሄኛው ነው፤ ማተሚያውን ግን እንዳትገዢ። ነጩ ቀለም ውስጥ ያለው ዱቄት ዝም ብሎ ከተቀመጠ ይዘቅጣል፤ ማሽኑ በየቀኑ ካልሰራ አፍንጫው ይደፈናል፤ ያ ከተደፈነ ጭንቅላቱን መቀየር ነው፣ እሱም ውድ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አገር፣ በሳምንት ሁለት ትዕዛዝ ላለው ጀማሪ፣ ያ ማሽን ዕዳ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ፊልሙን በሜትር አትመው የሚሸጡ አሉ። ዲዛይንሽን ትልኪያለሽ፣ ተጠቅልሎ በመኪና አዳማ ይደርስሻል፤ መጫኑን ለጊዜው በሌላ ሰው ሂት ፕሬስ ትሰሪዋለሽ።

ዲዛይነር መሆንሽ የሚጠቅምሽም እዚህ ላይ ነው። አንድ ሜትር ስትከፍይ ሜትሩን ሞልተሽ ላኪ። ጥቅሉ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው፣ 28 በ30 የሆነ የደረት ምስል ጎን ለጎን ሁለት፣ ወደ ታች ሦስት፣ በድምሩ ስድስት ይይዛል፤ ከግርጌ የሚተርፈው 10 ሴንቲ ሜትር ላይ የኪስ አርማዎችን ትደረድሪያለሽ። ብዙ ጀማሪ አራቱን ብቻ አድርጎ የቀረውን ፊልም ባዶ ይከፍልበታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

በ2003 ዓ.ም. የሰፈራችን የጥምቀት ወጣቶች 80 ነጭ ቲሸርት አዘዙኝ። ደረቱ ላይ መስቀል፣ ጀርባው ላይ ጽሑፍ፣ ሁሉም በሰማያዊ። ቀለሙ በውሃ የሚሟሟ ዓይነት ነበር፤ ከታተመ በኋላ በሙቀት መጠንከር አለበት። ጥር 9 ማታ መብራት ጠፋ። ልጆቹ በማግስቱ ለከተራ ታቦት ይሸኛሉ። ቲሸርቶቹን ክፍሉን ሙሉ በገመድ ሰቅዬ አደርኩ፤ ጠዋት በጣቴ ስነካቸው ደርቀዋል፣ እጄም ላይ ምንም የለም። አጣጥፌ አስረከብኩ።

በከተራ ዕለት አየኋቸው፣ ደስ ይሉ ነበር። ጥር 11 ጃንሜዳ ላይ ጠበሉ ሲረጭ ቀለሙ ተነሳ። ማታ አንዱ ልጅ ቲሸርቱን አውልቆ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። የመስቀሉ አንዱ ክንፍ ወደ ብብቱ ተስቧል፣ ጽሑፉ ጭጋግ መስሏል። «የእናቴም ነጠላ ተበላሸ» አለኝ፤ ተጨናንቀው ሲሄዱ ከቲሸርቱ ወደ ነጠላዋ ተላልፎ። በማግስቱ የሚካኤል ንግሥ ነው፣ የሚለብሱት ሌላ አልነበራቸውም። ገንዘባቸውን መለስኩ፤ ያን የጥምቀት በዓላቸውን ግን መመለስ አልቻልኩም። እስከ ዛሬ ስለ ሙቀት ስናገር ድምፄ ከፍ የሚለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ይህን ያዢልኝ፤ የደረቀ ቀለም ሁሉ የበሰለ ቀለም አይደለም። በውሃ የሚሟሟው ቀለም ውሃው ከተነነ በኋላ እንደ ዓይነቱ በ150 ዲግሪ አካባቢ ለደቂቃዎች መቆየት አለበት። ፕላስቲሶል የሚባለው ፕላስቲክነት ያለው ቀለም ደግሞ ከነጭራሹ በአየር አይደርቅም፤ ከላይ እስከ ታች ውፍረቱ በሙሉ 160 ዲግሪ ገደማ መድረስ አለበት። ከላይ ብቻ የበሰለ ፕላስቲሶል ሲለጠጥ ይሰነጠቃል። ሁለቱን አውራ ጣቶችሽን ህትመቱ ላይ አድርገሽ ጨርቁን ወደ ጎን ሳቢው፤ እንደ ደረቀ ጭቃ ከተሰነጣጠቀ አልበሰለም። ዲቲኤፍ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ150 እስከ 160 ዲግሪ፣ ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ ነው፤ ከዚያ ፊልሙ በትኩሱ ነው ወይስ ቀዝቅዞ የሚላጠው የሚለውን ከሻጩ ጠይቂ፣ እንደ ፊልሙ ይለያያል። ከላጥሽው በኋላ ወረቀት አልብሰሽ ለአምስት ሴኮንድ ያህል ድጋሚ ተጫኚው። ብዙዎች ይህችን ሁለተኛዋን ይዘሏታል፤ ጠርዙ ከሦስት እጥበት በኋላ ብድግ የሚለው ከዚያ የተነሳ ነው።

ክረምት ላይ አንድ ነገር ጨምሪ። ከማዳበሪያ የወጣ ቲሸርት እርጥበት ይዞ ይቆያል፣ ዓይን ግን አያየውም። ምስሉን ከማስቀመጥሽ በፊት ባዶውን ቲሸርት ለአራት አምስት ሴኮንድ ተጫኚው። እንፋሎት ሲወጣ ታያለሽ። ያ እንፋሎት ከምስሉ ስር ቢቀር ኖሮ ሙጫው ጨርቁን በደንብ እንዳይዝ ያደርገው ነበር።

ለዚህ ነው ከ150 ሺህ ብርሽ መጀመሪያ የሚወጣው ለሙከራ ይሁን የምልሽ። ከሁለት ከሦስት ቦታ ባዶ ቲሸርት ግዢ። ለሁለት ወይም ለሦስት አታሚዎች አንድ ዓይነት ዲዛይን ሰጥተሽ አሳትሚ። ከእያንዳንዱ አንዱን ሳታጥቢ አስቀምጪ፣ ሌላውን አምስት ጊዜ እጠቢ። በማሽን እንዳይሆን፤ ደንበኛሽ እንደሚያጥበው በዱቄት ሳሙና ዘፍዝፈሽ፣ በእጅሽ አሽተሽ፣ ጨምቀሽ፣ ፀሐይ ላይ አስጪው። የአዳማ ፀሐይ ጥሩ ፈታኝ ነው። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጊና እይ። የትኛው አታሚ እንደሚበጅሽ ማንም ሳይነግርሽ ታውቂዋለሽ፤ ሁለቱን ቲሸርቶችም ለደንበኛ ታሳያለሽ። እኔ እስከ ዛሬ ድረስ «20 ጊዜ የታጠበ» ብዬ የማሳየው ቲሸርት በሩ አጠገብ ተሰቅሏል፤ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ደንበኛ ያመጣልኝ እሱ ነው።

ስለ ጨርቁ። መርካቶ ስትሄጂ «መቶ ፐርሰንት ጥጥ» የሚል ምልክት የሌለበት ቲሸርት አታገኚም፤ ግማሹ ግን ጥጥ አይደለም። አንድ ቲሸርት ግዢና ከውስጥ ስፌቱ ላይ ክር መዘዝ አድርገሽ በክብሪት ለኩሺው። ጥጥ ከሆነ ወረቀት ወረቀት ይሸታል፣ ሲነካ የሚበተን አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ይሆናል፣ የፕላስቲክ ሽታ አለው። ድብልቅ ከሆነ ሁለቱንም ታያለሽ። ይህን ማወቅ ለሐቀኝነት ብቻ አይደለም፤ ቀይ ፖሊስተር ላይ ነጭ ብታትሚ የጨርቁ ቀለም በሙቀቱ ተነስቶ ነጩን በማግስቱ ሮዝ ያደርገዋል። ቀይና ጥቁር ቀይ ፖሊስተር ላይ በዝቅተኛ ሙቀት የሚሰራ ፊልም ካልሆነ ስራውን አትቀበዪ።

ውፍረቱ በግራም በካሬ ሜትር ይለካል። 140 የሆነው ስስ ነው፣ ነጩ ውስጥ ያሳያል፤ ከ160 እስከ 180 ያለው ለአብዛኛው ስራ ይበቃል፤ ከ200 በላይ ያለው ለራስሽ ዲዛይን ለምትሸጪው ጥሩ ነው። ሻጩ ግራሙን ካላወቀ፣ አንድ ቁጥር ያላቸውን ሁለት ቲሸርቶች በሚዛን አወዳድሪ፣ ወይም እጅሽን ነጩ ቲሸርት ውስጥ አስገቢና ጣቶችሽ ምን ያህል እንደሚታዩ እይ። ጥጡ ቀድሞ ያልታጠበ ከሆነ መኮማተሩን ለኪ፤ 70 ሴንቲ ሜትር የነበረ ቲሸርት አምስት ከመቶ ሲያጥር 3.5 ሴንቲ ሜትር ነው የሚጎድለው፣ ሆድ ያሳያል። ቁጥሩንም አትመኚው፤ የአንዱ ደርዘን ኤል ከሌላው ደርዘን ኤም ጋር እኩል ሆኖ አግኝቻለሁ። ሜትር ይዘሽ ሂጂ፣ ከብብት እስከ ብብት ለኪ፣ ለደንበኛ የምትሰጪው የቁጥር ሰንጠረዥ አንቺ የለካሽው ይሁን።

በፊደል ጉዳይ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አትታዘቢኝ፣ የምወደው ክፍል ነው። የአማርኛ ፊደል በቲሸርት ላይ የሚሞተው ሲቀጥን ነው። ኮምፒውተር ላይ ያማረ ቀጭን ጽሑፍ ጨርቅ ላይ ሲወርድ የ«ሙ» ቅጥያ ይጠፋና «መ» ይሆናል፤ የ«ቋ» እና የ«ሟ» ጥቃቅን ክፍተቶች በቀለም ይሞላሉ። ወፈር ያለ ፊደል ምረጪ፣ በትክክለኛ መጠኑ ወረቀት ላይ አትመሽ ከሁለት ሜትር ርቀሽ አንብቢው። በድሮዎቹ የግዕዝ ፕሮግራሞች የተጻፈ ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይመጣል፤ ለአታሚ ስትልኪ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ቀይረሽ ላኪ። አዳማ ስለሆንሽ ከትዕዛዝሽ ብዙው በአፋን ኦሮሞ ይሆናል። በቁቤ አንድ አናባቢ መደገሙና አለመደገሙ ትርጉም ይለውጣል፤ ቋንቋው አፍ መፍቻሽ ካልሆነ የሚያርምልሽ ሰው አዘጋጂ። ጽሑፍ ያለበትን ማንኛውንም ዲዛይን ደንበኛው አይቶ «ይሁን» ብሎ በጽሑፍ ሳይመልስ አታሳትሚ። «ተመራቂዎች» የሚለው «ተመራቂዋች» ሆኖ 120 ጊዜ ከታተመ በኋላ የማን ስህተት እንደሆነ መከራከር ምንም አይጠቅምም።

ፎቶ ሲልኩልሽ ቴሌግራም ያሳንሰዋል፤ «እንደ ፋይል ላኩልኝ» በያቸው። 28 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ምስል ወደ 3,300 ፒክስል ስፋት ቢኖረው ንጹህ ሆኖ ይወጣል፤ ከግማሹ በታች ከሆነ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። የደረቱ ምስል ከአንገቱ ጥብጣብ አራት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ይጀምር። መሀሉን ለማግኘት ቲሸርቱን በቁመቱ አጥፈሽ አንዴ ተጫኚው፤ መስመሩ ይቀርልሻል።

ወደ ዋጋው እንሂድ። ጀማሪ ሁሉ የሚከስረው በአንድ ዓይነት ስሌት ነው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ብቻ ነው የወሰድኳቸው፣ የገበያውን አንቺ ትሞይዋለሽ። 40 ቲሸርት ታዘዝሽ እንበል። ባዶው 400 ብር፣ የፊልሙ ድርሻ 100 ብር፣ «50 ብር ላትርፍ» ብለሽ 550 ጠራሽ። 2,000 ብር ያተረፍሽ ይመስልሻል። አሁን በወረቀት እንስራው። የሚበላሽ ስለማይጠፋ 42 ቲሸርት ትገዣለሽ፣ 16,800። ፊልሙንም 43 ታሳትሚያለሽ፣ 4,300። ለትራንስፖርትና ለማሸጊያ 1,200። የመብራትና የቤት ድርሻ 800። ዲዛይን ማድረጉ፣ ደንበኛን ማነጋገሩ፣ መጫኑ፣ ማጣጠፉ 10 ሰዓት ቢፈጅብሽ፣ ሰዓትሽን በ150 ብር ብታስቢው 1,500። ድምሩ 24,600 ነው፤ አንዱ ቲሸርት 615 ብር ወጣበት ማለት ነው። በ550 ሸጠሽ 22,000 ተቀበልሽ። 2,600 ብር ከኪስሽ ጨምረሽ ሰው አለበስሽ። የራስሽን ድካም ባትቆጥሪው እንኳ 1,100 ብር ጎድሎብሻል። በ615 ላይ 20 ከመቶ ስትጨምሪ 738 ይመጣል፤ 740 ብለሽ ጥሪ፣ «እገሌ ጋ በ600 አለ» የሚልሽን በሰላም ሸኚው። ያ እገሌ ወይ ስሱን ቲሸርት ነው የሚሰጠው፣ ወይ ስሌቱን ገና አልሰራውም።

የዋጋ ማቅረቢያሽ ላይ የሚቆይበትን ቀን ጻፊ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። ቀለሙም ፊልሙም፣ ቲሸርቱም በብዛት ከውጭ ነው የሚመጣው። እኔ በዚያ ሰሞን ቀን ሳልጽፍበት የሰጠሁት ዋጋ ነበረኝ፤ ቃሌን ጠብቄ በኪሳራ ሰራሁት። አሁን «ይህ ዋጋ ለሦስት ቀን ይጸናል» የሚል መስመር ሳልጽፍ ወረቀት አልሰጥም። ቀብድም ቢያንስ ባዶ ቲሸርቱን የሚገዛልሽን ያህል ተቀበዪ፣ በእኔ ልምድ ከ60 ከመቶ በታች አይሁን። የታተመ ቲሸርት ለሌላ ሰው አይሸጥም።

ከቀብድ የምለየው አንድ ስራ አለ። ሰው ሲሞት ቤተሰብ ወይም የሰፈር ልጆች የሟቹን ፎቶ በቲሸርት ማሳተም ይፈልጋሉ፤ ለቀብር፣ ለሰልስት፣ አንዳንዴ ለአርባ። ማታ በራፍ አንኳኩተው ይመጣሉ። የሚያመጡት ፎቶ ከመታወቂያ ላይ የተነሳ፣ የደበዘዘ ይሆናል። ያኔ ፎቶውን ጊዜ ሰጥተሽ አጽጂው፣ የሟቹን ስም አጻጻፍ ከቤተሰቡ አንድ ሰው አጠገብሽ አቁመሽ አረጋግጪ፣ ገንዘቡን ከቀብር በኋላ ይስጡሽ። በ17 ዓመት አንድም ሰው አልካደኝም። አንዲት እናት ቲሸርቱን ሳስረክባት የልጇን ፊት በመዳፏ ስታሻሽ አይቻለሁ። የምትሰሪው ምን እንደሆነ በዚያች ሰዓት ይገባሻል።

ዓመቱ የራሱ ወቅት አለው፣ ቀድመሽ ካልተዘጋጀሽ ያልፍሻል። መስከረም መጨረሻ ላይ ኢሬቻ ነው፤ ሆራ አርሰዲ ቢሾፍቱ ነው፣ ለአዳማ ቅርብ ነው፤ የኦዳ ምስልና ጥቁር ቀይ ነጭ በብዛት ይፈለጋል፣ ዲዛይንሽ ነሐሴ ላይ ማለቅ አለበት። ጥር ጥምቀት፣ የካቲት 23 ዓድዋ፣ ከዚያ ፋሲካና የጉባኤ ወቅት፣ ግንቦትና ሰኔ ደግሞ ምርቃት። ከዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ኮሚቴዎች ጋር ሚያዝያ ላይ ተነጋገሪ። ለከለር ደይ የሚያሳትሙት ቲሸርት አንድ ቀን ተለብሶ ቀለም የሚደፋበት ስለሆነ ስሱ ይበቃቸዋል፤ ወፍራሙን አትሽጪላቸው። ሐምሌና ነሐሴ ቀዝቀዝ ይላል፤ ያን ጊዜ ለመማሪያ አድርጊው።

ሕጉን በአጭሩ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ንግድ ፈቃድ አውጪ፤ ድርጅቶች ያለ ሕጋዊ ደረሰኝ አይከፍሉሽም፣ ጥሩው ትዕዛዝ ደግሞ ያለው እነሱ ጋ ነው። የታወቀ ብራንድ አርማ፣ የእግር ኳስ ክለብ ምልክት፣ የሌላ ሰዓሊ ስዕል ያለ ፈቃድ አታትሚ። የንግድ ምልክት በአዋጅ ቁጥር 501/1998፣ የስዕልና የሌላ ጥበብ ስራ የቅጂ መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ነው። «ሁሉም ያትመዋል» የሚለው መልስ ሆኖ አያውቅም፤ አንቺ ራስሽ ዲዛይነር ነሽ፣ ስራሽ ሲሰረቅ የሚሰማሽን አስቢ።

እንግዲህ ማሽኑ። ሦስት ወር በሌላ ሰው ማሽን ሰርተሽ፣ በየሳምንቱ ሦስት አራት ትዕዛዝ ሳይቋረጥ ሲመጣልሽ፣ ያኔ ሂት ፕሬስ ብቻውን ግዢ። ፊልሙ ከአዲስ አበባ በሜትር መምጣቱን ይቀጥል። ክዳኑ ወደ ላይ እንደ መጽሐፍ የሚከፈተው ርካሽ ነው፣ ቦታም አይፈጅም፤ ግን እጅ ያቃጥላል፣ ወፍራም ጨርቅ ላይ የኋላው ጠርዝ የበለጠ ይጫናል። ወደ ጎን የሚዞረው ይሻላል። 40 በ60 የሆነው ለጀርባ ጽሑፍ ይበቃል፣ 38 በ38 የሆነው በብዙ ስራ ያጥርሻል። ኩባያና ኮፍያ የሚሰራውን «ስምንት በአንድ» የሚሉትን ተዪው፤ ሁሉንም በግማሽ ልብ ነው የሚሰራው።

እንዲህ ያለ ማሽን እንደ መጠኑ 1,500 ዋት ወይም 2,000 ዋት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ በ220 ቮልት 2,000 ዋት ማለት 9 አምፔር ያህል ነው። በቀጭን ማከፋፈያ ገመድ አትሰኪው፣ ይግላል፣ ቤት ያቃጥላል። ኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርተሽ ለብቻው መስመር አሰሪለት። ግቢው በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀም ከሆነ ከአከራይሽ ጋር ቀድመሽ ተነጋገሪ፤ ጎረቤት እንጀራ የምትጋግርበትን ቀንና ሰዓት እወቂ፣ ምጣዱና ማሽንሽ አንድ ላይ ሲበሩ ቆጣሪው ይወድቃል፣ የተጀመረው ቲሸርትም ግማሽ በስሎ ይቀራል።

ሱቁ ውስጥ ሳትከፍይ በፊት ማሽኑን አስሰኪና 160 ላይ አድርጊው። ግማሽ ሰዓት ይሙቅ። የሙቀት መለኪያ ይዘሽ ሂጂና መሀሉንና አራቱን ማዕዘን ለኪ። በማዕዘኖቹና በመሀሉ መካከል ከአምስት ስድስት ዲግሪ በላይ ልዩነት ካለ ሌላ ማሽን አስወጪ። ከዚያ አንድ ወረቀት አራቱም ጥግ ላይ በየተራ አስገብተሽ ክዳኑን ዝጊና ሳቢው፤ የትኛውም ጥግ ላይ በቀላሉ ሾልኮ መውጣት የለበትም። ሻጩ ይሄን እንድታደርጊ ካልፈቀደልሽ፣ ብርሽን ይዘሽ ወደ ሚቀጥለው ሱቅ እለፊ።